ካውንስሉ ሊሠራው ያሰበው ሪሊፍ ሮድ፦ ስክሩትኒ ስብሰባ ላይ ገብቶ መጠየቅ ለውጥ ያመጣል?

ሰብለ ሚድላንድስ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንግሊዝ ያላችሁ እስቲ እርዱኝ። የምንኖርበት ከተማ ካውንስል የመሀል ከተማውን ትራፊክ ለማቃለል በሰሜን በኩል ዞሮ የሚያልፍ ሪሊፍ ሮድ ሊሠራ ነው እየተባለ ስንት ዓመት ሲወራ ቆይቶ አሁን ነገሩ ጠንክሮ መጣ። ካቢኔው አጽድቆታል፣ ከዛ የተወሰኑ ካውንስለሮች (የካውንስሉ ተመራጮች) ኮል ኢን አድርገውት በሚቀጥለው ሳምንት ስክሩትኒ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ሪፖርቱን አውርጄ ሳየው ካርታው ላይ ያለችው ቀይ መስመር አሎትመንታችንን፣ ከካውንስሉ የተከራየነውን የአትክልት ቦታ ማለቴ ነው፣ መሀል ለመሀል ሰንጥቃ ነው የምታልፈው። እዛ አሎትመንት ላይ ጎመኑም ጤና አዳሙም በሶብላውም አለን፣ እናቴ ከአገር ቤት ከመጣች ወዲህ ከቤት ወጥታ ደስ ብሏት የምትውልበት ቦታ እሱ ብቻ ነው፣ ቋንቋ ባትችልም ከጎኗ ካሉት አንድ ሽማግሌ ጋር ዘር ይለዋወጣሉ።

ባለቤቴ ደግሞ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ እሱ ይሠራ ባይ ነው። ጠዋት ድልድዩ ላይ ተቀርቅሮ ሲቀር ተሳፋሪው የሚቆጣው እሱን ስለሆነ አልፈርድበትም።

ጥያቄዬ ይሄ ስክሩትኒ የሚባለው መንገዱን ማስቆም ይችላል ወይስ ለይስሙላ ነው? ተራ ነዋሪ መናገር ይችላል? ምን ብዬ ብጠይቅ ነው የሚሰሙኝ?

የኮሚቴ ሰው

ሰላም እህቴ። እኔ ሌላ ከተማ ካውንስል ውስጥ ስብሰባ የሚያዘጋጀው ክፍል ነው የምሠራው፣ ስለዚህ አሠራሩን ልንገርሽ። ከ2000ው የሎካል ገቨርንመንት አክት ወዲህ አብዛኛው ካውንስል የሚወስነው በካቢኔ ነው፣ ካቢኔ ያልገቡት ካውንስለሮች ደግሞ ስክሩትኒ ላይ ቁጭ ብለው ካቢኔውን ይመረምራሉ። ኮል ኢን ማለት ውሳኔው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ያዝ አድርጎ መጠየቅ ነው። ኮሚቴው ውሳኔውን መሻር አይችልም፣ እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው። የሚችለው ከነምክንያቱ «እንደገና እዩት» ብሎ ወደ ካቢኔ መመለስ፣ አንዳንዴም ወደ ሙሉ ካውንስሉ መምራት ነው፣ ካቢኔውም መልሶ ያንኑ ሊወስን ይችላል።

ታዲያ ምን ይጠቅማል ካልሽ፣ ፕሮጀክቱን የሚመሩት ባለሙያዎችና የካቢኔው ሰው በሕዝብ ፊት ስንት ይፈጃል ማን ይከፍላል ሲባሉ ፊት ለፊት መመለስ ያለባቸው እዛ ነው። መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይገባል፣ ነገ ዋጋው ሲንር «እንዲህ ብላችሁን ነበር» የሚባለው እሱን ይዞ ነው። እኔ በሥራዬ ያየሁት ካውንስለሮች የሚያዳምጡት የሚጮኸውን ሰው አይደለም፣ የሪፖርቱን ገጽ ጠቅሶ አንድ ነገር የሚጠይቀውን ነው።

ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ከ2014 ወዲህ ቪዲዮ መቅረጽም ይፈቀዳል። መናገሩ ግን እንደየካውንስሉ ደንብ ነው፣ ብዙ ቦታ ጥያቄሽን ቀድመሽ በጽሑፍ ማስገባት አለብሽ፣ ቀኑ ካለፈ አይቀበሉሽም። ዛሬውኑ ዲሞክራቲክ ሰርቪስስ ለሚባለው ክፍል ደውይ። እንግሊዝኛው አያስጨንቅሽ፣ ከወረቀት ማንበብ ምንም ነውር የለውም።

ተክሌ ሽሮፕሺር

እኔ የምኖረው ሽሩስቤሪ አጠገብ ነው፣ የኛን ታሪክ ስሚና ራስሽ ፍረጂ። እኛም ጋ ሪሊፍ ሮድ ሊሠራ ነበር፣ በ2019 መንግሥት ለእሱ 54.4 ሚሊዮን ፓውንድ እሰጣለሁ አለ፣ ያኔ ጠቅላላ ወጪው 71 ሚሊዮን አካባቢ ነበር፣ ቀሪውን ካውንስሉ ይሸፍናል ተባለ። ከዛ ዋጋው እየጨመረ እየጨመረ ሄደ፣ በ2023 የዛን ጊዜው መንግሥት ሙሉውን እሸፍናለሁ ብሎ ቃል ገባ፣ በዛው ዓመት የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ፕላኒንግ ኮሚቴ አሳለፈው፣ መስመሩ ላይ የነበረው የ550 ዓመት የዳርዊን ኦክ የሚሉት ዛፍ ሳይቀር ሊቆረጥ ነው ተብሎ ሰዉ ስንት ጮኸ። በ2024 መንግሥት ሲቀየር የቃሉ ነገር ሳይጨበጥ ቀረ፣ በ2025 ወጪው ከ200 ሚሊዮን በላይ ነው ተባለ፣ የካውንስሉ የሜይ ምርጫ መጣና አዲሶቹ ተመራጮች ገብተው ፕሮጀክቱን ሰረዙት።

አሁን ልብ በይ። መንገዱ ሳይሠራ ለዲዛይንና ለጥናት ብቻ ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቷል። መንገድ ሲሠራ የሚወጣው ገንዘብ ካፒታል ነው የሚባለው፣ ሥራው ሲሰረዝ ግን ምንም የተሠራ ነገር ስለሌለ ያ ወጪ ወደ ዓመታዊው በጀት ይዞራል፣ አረጋዊ የሚጦርበት ልጅ የሚረዳበት በጀት ማለት ነው። እኔ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ገና በጠዋቱ ስክሩትኒ ላይ ይሄን ጥያቄ አጥብቆ የያዘ ሰው ቢበዛ ኖሮ እላለሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ወጪው ከጨመረ ጭማሪውን ማን ይከፍላል፣ ፕሮጀክቱ ቢቀርስ እስካሁን የወጣው ከየትኛው በጀት ይሸፈናል?

ሹፌሩ

ተክሌ ያልከው ልክ ነው ግን የባልየውንም ነገር አትርሱ። እኔ ሎሪ ነው የምነዳው፣ መሀል ከተማ ውስጥ በዛ ጠባብ መንገድ ትልቅ መኪና ይዘህ ትምህርት ቤት በር ላይ ስታልፍ ነፍስህ ነው የምትጨነቀው፣ ከኋላ ደግሞ አምቡላንስ እያፏጨ ቆሟል። መንገድ አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ሰፈር የሚኖሩ ናቸው። ጭሱን የሚውጠው ዋናው መንገድ ዳር ፍላት የተከራየ ሰው ነው፣ ሀበሻውም አብዛኛው እዛ ነው ያለው።

ተክሌ ሽሮፕሺር

ሹፌሩ አልክድህም፣ ጭሱ እውነት ነው። ግን በ1994 መንግሥት ራሱ ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚቴ አዲስ መንገድ አዲስ ትራፊክ ይስባል ብሎ ጽፏል፣ ሪሊፍ ሮዱ ተከፍቶ መሀሉ ትንሽ ቀለል ሲል ድሮ መኪና ቤቱ ትቶ የሚወጣው ሰው ይነዳል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ እዛው ነህ። ስለዚህ ለባልሽም የሚሆን ጥያቄ አለ ሰብለ፦ አዲሱ መንገድ በተከፈተ ቀን አሮጌው ላይ ምን ትሠራላችሁ፣ ለአውቶቡስ የራሱ መስመር ትሰጣላችሁ ወይ፣ ገንዘቡስ በጀቱ ውስጥ ተይዟል ወይ? እሱ ካልተያዘ ለአውቶቡሱ የሚጠቅመው ነገር የለም።

እማማ ዘነቡ

የኔ ልጅ ስለ አሎትመንቱ ማንም አልነገረሽም እኮ። የ1925 የአሎትመንት ሕግ የሚባል አለ፣ ካውንስሉ መሬቱን ለአሎትመንት ብሎ የገዛው ወይም ለዛ የመደበው ከሆነ ስታቹተሪ ይሉታል፣ እንዲህ ያለውን መሬት ያለ ሚኒስትሩ ፈቃድ ለሌላ ነገር ማዋል አይችልም፣ ለተፈናቃዮቹም ሌላ በቂ ቦታ መዘጋጀት አለበት፣ አያስፈልግም ወይም የሚቻል አይደለም ካልተባለ በቀር። ለጊዜው ብለው የሰጡት ከሆነ ግን ይሄ ጥበቃ የለውም። እኛ ጋ ሰዉ ይሄን ሳያውቅ የፈረመ አለ። መጀመሪያ ስታቹተሪ ነው ወይ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ማንም ሰው ከካውንስል መረጃ መጠየቅ በሚችልበት በኢንፎርሜሽን ሕጉ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው። ተለዋጭ ቦታ ሲሉሽም የት እንደሆነ ካርታው ላይ ያሳዩ፣ እናትሽ በእግሯ የማትደርስበት ቦታ ምን ያደርግላታል።

ቤታችሁ የራሳችሁ ከሆነና መንገዱ አጠገብ ካለፈ ደግሞ በድምፁና በጭሱ የቤቱ ዋጋ ከወረደ ካሳ መጠየቅ ይቻላል፣ በ1973ቱ የላንድ ኮምፐንሴሽን ሕግ፣ መንገዱ ተከፍቶ አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ይሄኛው አይመለከታችሁም።

ሰብለ ሚድላንድስ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ዲሞክራቲክ ሰርቪስስ ደውዬ ነበር፣ ጥያቄ የሚቀበሉት እስከ ነገ እኩለ ቀን ነው አሉኝ፣ ለአንድ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ። ስለዚህ ተከፋፍለናል፦ እኔ የወጪውን፣ ባለቤቴ የአውቶቡሱን (ተስማምቷል!)፣ የአሎትመንቱን ደግሞ የእናቴ ጎረቤት ሽማግሌው ያቀርቡታል። የኔ እንዲህ ይላል፦ «ወጪው አሁን ሪፖርቱ ላይ ካለው በላይ ቢጨምር ጭማሪውን በሙሉ የሚከፍለው ማን ነው? መንገዱ ቢሰረዝስ እስከዚያ የወጣው ከየትኛው በጀት ይሸፈናል? ይህ ለከተማችን ነዋሪ ፍትሐዊ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ?» ይሆናል?

የኮሚቴ ሰው

የመጨረሻዋን አውጫት፣ «አዎ እናምናለን» ብለው እሷን ብቻ መልሰው ይቀመጣሉ። የሪፖርቱን የፋይናንስ ክፍል አንቀጽ ቁጥር ጨምሪበት። መልሱ ካላረካሽ ደግሞ ብዙ ቦታ አንድ ተከታይ ጥያቄ ይፈቀዳል፣ እሱንም ከአሁኑ አዘጋጂ።