የ1957ቱን ስትራቶካስተር መስሎ የሚሠራ ጊታር ወደ ጅማ ሊገባ ነው፤ ሳያልቅ ምን ይታዘዝ?

ጥያቄ፣ ከሽቱትጋርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1957 የተሠራውን ፌንደር ስትራቶካስተር ኤሌክትሪክ ጊታር አስመስሎ እንዲሠራ ለአንድ የጀርመን ጊታር ሠሪ ትእዛዝ ተሰጥቷል። አካሉ የአልደር እንጨት፣ አንገቱ አንድ ወጥ ሜፕል፣ ቀለሙ ናይትሮሴሉሎስ ነው። እስካሁን አካሉ ተቆርጧል፣ አንገቱም ተቀርጿል፤ ፍሬት (አንገቱን የሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች) ግን አልተመታም፣ ቀለምም አልነካውም። 5 ወር ገደማ ይቀረዋል ተብሏል። ሲያልቅ ከጓዝ ጋር ጠቅልሎ ጅማ ይገባል፣ ቤቱ ቆጪ ሰፈር ነው። ሠሪው እጅ ላይ እያለ መለወጥ ያለበት ነገር ካለ ንገሩኝ። በተለይ የእርጥበቱን፣ የመብራቱንና የጉምሩኩን ነገር።

ከጅማ፣ ሂርማታ፦
ፍሬቱ ካልተመታ በጊዜው ጠይቀዋል ጋሼ። ዛሬ ለሠሪው መጻፍ ያለብዎት ስለ አንገቱ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢዘገይም ይደረሳል።

አንደኛ፣ የ1957ቱ ፍሬት ቀጭንና ዝቅ ያለ ነው፣ ቶሎ ይበላል። የሜፕል አንገት ደግሞ ጣት የሚያርፍበት ገጽ ሳይቀር በቀለም የተሸፈነ ስለሆነ ፍሬት መቀየር ማለት ቀለሙን ፍቆ እንደገና መርጨት ማለት ነው። ይህን ሥራ ጅማ ላይ ለማንም አይስጡ። ስለዚህ መጠኑ የድሮው ሆኖ ብረቱ የማይዝግ ስቲል ይሁን። ከአንድ ሜትር ርቀት ልዩነቱን የሚያይ ሰው የለም።

ሁለተኛ፣ የ1957ቱ የጣት ገጽ ጉብጠት ራዲየሱ 7.25 ኢንች ወይም 184 ሚ.ሜ. ነው። ለኮርድ ይመቻል። ክር ስቦ ለሚጫወት ሰው ግን ክሩ ዝቅ ካለ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ሲሳብ ቀጣዩን ፍሬት ነክቶ ድምፁ ይታፈናል። አምባሰል ወይም ትዝታ ላይ ድምፅ የሚያስለቅሱ ከሆነ ይህ በየቀኑ ያናድዳል። ሠሪው ታች 7.25፣ ወደ አካሉ ሲጠጋ 9.5 አድርጎ እየዘረጋ ይቅረጸው። እምቢ ካለ ክሩን 12ኛው ፍሬት ላይ 2 ሚ.ሜ. ከፍ አድርጎ መያዝ ነው።

ሦስተኛው ዋናው ነው። በአንገቱ ውስጥ ያለው፣ መጉበጡን የሚያስተካክለው የብረት ዘንግ፣ ትራስ ሮድ የምንለው፣ በ1957ቱ የሚጠመዘዘው በአካሉ በኩል ነው። እሱን ለመንካት ክር ማላላት፣ 4ቱን ቡሎን ፈትቶ አንገቱን ማውጣት፣ አንድ ስምንተኛ ዙር መጠምዘዝ፣ መልሶ ማሰር፣ መቃኘት፣ መለካት፣ ካልሆነ እንደገና ከሀ መጀመር ያስፈልጋል። ጅማ ላይ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ ይነካል። መንኮራኩር የሚመስል ባለ ቀዳዳ ነት ያለው ዘንግ ያስገባልዎት፤ አንገቱ ሳይወልቅ ከጎን በትንሽ ብረት ይዞራል።

የአንገቱን መጉበጥ መለካት ቀላል ነው። 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) ያስሩ፣ አንገቱ ከአካሉ በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ይጫኑ፣ ከዚያ 7ኛው ወይም 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይዩ። ከ0.25 እስከ 0.3 ሚ.ሜ. ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌለ የ10 ቁጥር ቀጭኗ ክር ውፍረቷ 0.25 ሚ.ሜ. ስለሆነ እሷን አስገብቶ መሞከር ይበቃል።

ከሮተርዳም፦
ፍሬቱ ስቲል፣ ራዲየሱ ሌላ፣ ዘንጉ ሌላ። ታዲያ 1957 የሚያሰኘው ምኑ ቀረ?

ከጅማ፣ ሂርማታ፦
ድምፁና መልኩ ቀረ። አካሉ፣ ፒካፖቹ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩት)፣ ብሪጁ (በክራር ብርኩማው የምንለው) እና ስስ ቀለሙ አልተነኩም። የመስታወት ሳጥን ውስጥ ለዕይታ ሊቀመጥ ከሆነ ግን እርስዎ ልክ ነዎት፣ ምንም አይነካ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስለ ጉምሩክና ስለ ጓዝ።

ሠሪው የፌንደርን ስም ጭንቅላቱ ላይ እንዳይለጥፍ። ለግል ነው፣ ማን ያየዋል ይባላል፤ ነገር ግን የንግድ ምልክት ያለፈቃድ የተለጠፈበት ዕቃ ድንበር ላይ ሊያዝ ይችላል፣ በኋላ ለመሸጥም ያስቸግራል። የራሱን ስም ይጻፍበት።

ደረሰኙ ላይ «ስትራቶካስተር 1957» ብሎ ብቻ እንዳይጽፍ። የዋናው የ1957 ጊታር ዋጋ በአሥር ሺዎች ዶላር ስለሚቆጠር፣ ገማቹ ኢንተርኔት ላይ ያንን ዋጋ ካገኘ ክርክሩ ረጅም ነው። «አዲስ በእጅ የተሠራ ኤሌክትሪክ ጊታር» ይበል፣ የተሠራበት ዓመት፣ ተከታታይ ቁጥር፣ የእንጨቶቹ ስምና የተከፈለው ገንዘብ ይጻፍ። የባንክ ማስረጃውን አያይዙ። በዓለም አቀፉ የታሪፍ መደብ ኤሌክትሪክ ጊታር ያለው 9207.90 ላይ ነው፤ አኩስቲክ ጊታር ያለበት 9202 ሌላ ነው፣ እንዳይቀላቀል። ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን መጓጓዣና ኢንሹራንስ ተጨምሮ ነው፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ይመጣል። ጠቅልሎ ለሚገባ ሰው የግል መገልገያን የሚመለከት መመሪያ ስላለ ጊታሩ ከመጀመሪያው በጓዝ ዝርዝሩ ላይ ይግባ፣ ለኤምባሲ ደብዳቤ ሲኬድም ዝርዝሩ ይህንኑ ይያዝ። በኋላ «ረስቼው ነው» አይሠራም።

ሜፕል መምረጥዎ አንድ ጣጣ ቀንሷል። የብራዚል ሮዝውድ የሚባለው እንጨት ከ1992 ጀምሮ በሳይትስ (ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) በጥብቁ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ያለቀ ጊታር ላይ ቢሆንም ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ሌሎቹ የሮዝውድ ዓይነቶች በ2017 ቁጥጥር ውስጥ ገብተው፣ ያለቀ የሙዚቃ መሣሪያ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ተፈቷል። አልደርና ሜፕል ከዚህ ሁሉ ውጪ ናቸው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው።)

ማሸጉ ላይ፣ ስትራቶካስተር አንገቱ በሙጫ ሳይሆን በ4 ቡሎን የሚታሰር መሆኑን ይጠቀሙበት። ሲፈታ አንገቱ ከ70 ሴ.ሜ. አይበልጥም፣ አካሉ 46 ሴ.ሜ. ገደማ ነው፤ ትልቅ ሻንጣ ውስጥ ልብስ መሃል ይገባል። በአውሮፕላን ለብቻው ትልቅ ካርቶን ከመላክ ይህ ይሻላል። ክሩ ሁሉ ይውጣ፣ ብሪጁን የሚይዙት ስፕሪንጎች ወጥተው በላስቲክ ከረጢት ይቀመጡ፣ በአንገቱ ማረፊያ ውስጥ ቀጭን ወረቀት ወይም ጣውላ ካለ የት እንደነበረ ፎቶ ይነሳ። መልሰው ሲያስሩ ቡሎኑን መጀመሪያ ወደ ግራ ያዙሩት፣ ጥርሱ «ጠቅ» ሲል ብቻ ወደ ቀኝ ያጥብቁ። አለዚያ አዲስ ጥርስ ያወጣና እንጨቱ ይላላል።

ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፦
በመብራት በኩል ጀርመን መሆንዎ ጥሩ ነው። ከዚያ የሚመጣ አምፕሊፋየር 230 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፣ ሶኬቱም ይገጥማል። ከአሜሪካ ለሚያመጡ ግን ችግር አለ፤ 120 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ከሆነ ደግሞ በ50 ኸርዝ ይግላል። ቮልቱን ማውረድ ድግግሞሹን አይቀይርም። ከጀርባው ላይ 50/60 የሚል ካልተጻፈ ባይመጣ ይመረጣል።

ከዚህ የሚበልጠው ግራውንድ ነው። የጊታሩ ክሮች በብሪጁ በኩል ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የተያያዙ ናቸው። የቤቱ መስመር ግራውንድ ከሌለው፣ ክር የያዘ እጅና ማይክ የነካ ከንፈር በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ፣ መብራት ሊይዘው ይችላል። ሶኬቱ ሦስት እግር ቢኖረውም ሦስተኛው ሽቦ ከኋላ ላይኖር ይችላል። ኤሌክትሪሺያን በቴስተር ይለካ፤ ከፌዝ ወደ ግራውንድ ወደ 220 ካላሳየ ዘንግ ተቀብሮ መስመር ይዘርጋ። በመሃል ስታቢላይዘር ይኑር፣ ነገር ግን ስታቢላይዘር ግራውንድን አይተካም።

ፒካፖቹ ገና ካልተጠመጠሙ ደግሞ የመሃሉ በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲጠመጠምና ማግኔቱም እንዲገለበጥ ይንገሩት። በ1957ቱ ሦስቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ የመብራቱ እምምታ በሁሉም ቦታ ይሰማል። ይህ ሲደረግ ሁለት ፒካፕ አብረው ሲሠሩ እምምታው ይጠፋል። የ1957ቱ የፒካፕ መቀየሪያ ባለ 3 ቦታ ነው፣ ባለ 5ቱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ ባለ 5ቱን ያስገጥሙ፣ 3ቱን በከረጢት ይላክልዎት።

ጥያቄ፣ ከሽቱትጋርት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሠሪው ዘንጉንና ፍሬቱን ተቀብሏል፣ ስለ ራዲየሱ እያሰበ ነው። እርጥበቱስ? ደግሞ ከዚያው የሚገዛ መለዋወጫ ይገኛል?

ከጅማ፣ ሂርማታ፦
በ45 በመቶ እርጥበት የተቀመጠ እንጨት 8 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል፤ 75 በመቶ ሲሆን 14 ይደርሳል። የሠሪው ቤት የመጀመሪያው ነው፣ የጅማ ክረምት ሁለተኛው። ቀለሙ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። አንገቱ በየት በኩል እንደሚጎብጥ አስቀድሞ መናገር አይቻልም፣ እንደ እንጨቱ ነው። በደረሰ በሦስተኛው ሳምንት ይለኩ፣ ከዚያ በፊት ምንም አይጠምዝዙ።

በተገላቢጦሽ ደግሞ፣ ጀርመን ውስጥ ማሞቂያ በሚነድበት ክረምት እንጨቱ ጠብቦ የፍሬቱ ጫፍ እጅ ሊቧጭር ይችላል። በሞረድ እንዳያስነኩት። ጅማ ሲደርስ እንጨቱ ይመለሳል፣ ያኔ ፍሬቱ አጥሮ ክሩ ከዳር ይንሸራተታል።

ናይትሮ ቀለም ለስላሳ ነው፣ ከተቀባ በኋላ ቢያንስ አንድ ወር ካልደረቀ ሻንጣ ውስጥ አይግባ፣ የጨርቁ ጥለት ይታተምበታል። ከአውሮፕላኑ ሆድ ቀዝቅዞ ሲወጣ ሻንጣውን ሳይከፍቱ 24 ሰዓት ይተዉት፤ በድንገት ሲሞቅ ይሰነጣጠቃል። የጊታር መቆሚያ ላስቲክ ቀለሙን ይበላዋል፣ በነጠላ ቁራጭ ይጠቅልሉት። ብዙ ሰው የማያስበው የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ነው። ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት ቅባት የተቀባ ክንድ ጊታሩ ላይ ካረፈ ቀለሙን ያሟሟል።

መለዋወጫ ከዚያው ይያዙ። የብሪጁ ትንንሽ ብሎኖች የሚፈቱት በ0.050 ኢንች አለን ቁልፍ ነው፤ መርካቶ ያለው የሚሊ ሜትር ነው፣ 1.5ቱ አይገባም፣ ሁለት ሦስት ቁልፍ ይግዙ። የድምፅ መቆጣጠሪያው ግንድ ሩብ ኢንች ነው፣ እዚህ ሬድዮ ጠጋኝ ጋ የሚገኘው 6 ሚ.ሜ. ስለሆነ በእጅ የሚዞረው ቆቡ አይገጥምም። ባለ 250 ኪሎ ኦም መቆጣጠሪያ ሁለት ትርፍ፣ አንድ ጃክ፣ የብሪጅ ብሎን ሙሉ ስብስብ፣ የተሸፈነ ክር 10 እሽግ። ያልተሸፈነ ክር ሐምሌ ላይ ሁለት ሳምንትም አይቆይ፣ ይዝጋል።

ከጅማ፣ መንደራ፦
ለሚቀጥለው ሰው ነው ይሄ፤ አካሉ እዚሁ ከዋንዛ ቢሠራስ? የጅማ በርጩማ የሚፈለፍል እጅ ይህን አያቅተውም።

ከጅማ፣ ሂርማታ፦
እጁ አያቅተውም፣ የሚያቅተው እንጨቱ ነው። የአካሉ ውፍረት 44.5 ሚ.ሜ. ነው። በአየር ለሚደርቅ ጣውላ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴ.ሜ. ውፍረት አንድ ዓመት ይሰጣል፣ ስለዚህ ወደ ሁለት ዓመት በጥላ የተደረደረ ዋንዛ ያስፈልጋል። በርጩማ ትንሽ ቢጣመም ይቀመጡበታል፤ የአንገት ማረፊያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተጣመመ ግን ክሮቹ ከአንገቱ ዳር ይወጣሉ።

ጥያቄ፣ ከሽቱትጋርት፦
አንድ የመጨረሻ። ሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጠው ሲሊካ ጄል እርጥበት ሲጠግብ በቡና ምጣድ ማድረቅ ይቻላል?

ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፦
በቡና ምጣድስ አይሆንም። ሰማያዊው ዓይነት ኮባልት አለበት፣ ከምግብ ዕቃ ጋር አይነካካም። ለእሱ ብቻ የሚሆን የቆርቆሮ ትሪ ይግዙ፣ ምድጃ ውስጥ 120 ዲግሪ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆይ፣ ሮዝ የሆነው ወደ ሰማያዊ ሲመለስ ያውጡት። በነጭ ፍም ላይ አይሞክሩት፣ ሙቀቱ አይመጠንም፣ ፍሬው ይሰነጠቃል። በደረቅ ክዳን ባለው ጠርሙስ ቀዝቅዞ ነው ወደ ሳጥኑ የሚመለሰው፤ ትኩሱን ናይትሮ ቀለም አጠገብ እንዳያስገቡት።