ከጣና ዳር ያየነው ቀይ ብርሃን የሰሜን ዋልታው ነው ወይስ የእኛው?

የጀልባው ሰው፦

እንዴት ናችሁ ወገኖች። ውርርድ ገብቻለሁና ፍረዱን።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ ጀልባ ነው፤ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ሰው አመላልሳለሁ። እንግዲህ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ንፋሱ ከየት እንደሚነሳ ለማወቅ ቀና ብዬ ሰማዩን ሳላይ የወጣሁበት ጠዋት የለም።

ያለፈው እሑድ ማታ እህቴ ቤት ተሰባስበን ነበር። ግቢዋ ከሐይቁ ጋር ይዋሰናል። ከታች በኩል፣ ማንጎው ሥር፣ ሦስት ድንጋይ ጎልተን እሳት አነደድን። አራት ቆሮሶ ይዤ ነበር የሄድኩት። ቅርፊቱን አራገፍኩ፣ ጎን ጎኑን ሦስት ሦስት ቦታ በቢላ ተለተልኩት፣ ጨውና ሎሚ እስከ ውስጥ አሸሁት። እንጨቱ የደረቀ የዘይቱን ቅርንጫፍ ነው። ፍም እስኪሆን መጠበቅ ነበረብን፤ እኛ ግን ርቦናል፣ ነበልባሉ ላይ ጣድነው። (ጾም ነው፣ አውቃለሁ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አታምጡብኝ። እናቴ ሽሮዋን ይዛ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ ነው የተቀመጠችው፣ ይበቃኛል።)

የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ነው። ስልኩ ላይ የሰሜን ዋልታ ብርሃን ሲመጣ የሚያሳውቅ አፕ ጭኗል። ባሕር ዳር ተቀምጦ! ዓሣው አንድ ጎኑ እንደበሰለ ስልኩ ጮኸ። «ጋሼ፣ ኬፒ ከፍ ብሏል!» አለኝ። ኬፒ ምንድነው ስለው የመሬት መግነጢስ ምን ያህል እንደተናወጠ መለኪያ ነው፣ የመጨረሻው ዘጠኝ ነው አለኝ። ዓሣውን ገልብጥ አልኩት።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ገደማ ይሆናል። በደብረ ማርያም ደሴት ቀኝ በኩል፣ ሰማዩ ሥር፣ ቀላ ያለ ነገር ታየ። በዓይን ሲታይ ብዙም አይደለም፤ አመድ የለበሰ ፍም ይመስላል። ልጁ ግን በስልኩ የማታ ፎቶ አነሳና አሳየኝ። ደም መስሏል! ከላይ ደግሞ አረንጓዴ ነገር አለበት። «መጣ! የሰሜኑ ብርሃን ነው!» ብሎ ግቢውን አተረማመሰው።

እኔ ደግሞ በፎገራ በኩል ያወጡትን እምቦጭ ሲደርቅ እያቃጠሉት ነው አልኩ። ተከራከርን። ቢምቢው በዛ፣ እናቴን በረዳት፣ ተነስተን ገባን። የተሸነፈ የጀልባዬን ሆድ አንድ ወር ያጥባል።

እስቲ የሚያውቅ በቀላል አማርኛ ያስረዳን። ያ ብርሃን ከጣና ሊታይ ይችላል? ካልቻለስ ያየነው ምንድነው? ልጁም ያነባልና አደራ፣ አታሹፉበት።

ግሽ ዓባይ፦

ፍርድ ከመስጠቴ በፊት፣ ከዓሣው ተርፏል?

ጠመኔ፦

ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ያውም እዚያው ከተማ። ልጁን አታሳፍረው፣ ግማሽ መንገድ ሄዷል። አፑ አልዋሸም። ኬፒ የሚለካው የመላውን ምድር መናወጥ ነው፤ «ባሕር ዳር ላይ ይታያል» ማለት ግን አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ቀለሙ። ጨው የነሰነስክበት ዓሣ እሳት ላይ ሲንጠባጠብ ነበልባሉ ቢጫ ሲል አላየህም? ያ የጨው ሶዲየም ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ጉልበት ሲያገኝ የራሱን ቀለም ያወጣል። ከፀሐይ የሚነሳው ማዕበል የመሬትን መግነጢስ ሲያናውጥ፣ ኤሌክትሮኖች የመግነጢሱን መስመር ተከትለው ወደ ዋልታዎቹ አካባቢ ይወርዳሉ። እዚያ ላይኛውን አየር ይመቱታል። ከመሬት ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ኦክስጅን አረንጓዴ ያበራል። ከ200 በላይ ያለው ያው ኦክስጅን ቀይ ይሆናል። ናይትሮጅን ሐምራዊና ሰማያዊ ይጨምርበታል። በጨውህና በሰማዩ መካከል ያለው ልዩነት ጉልበቱን የሰጠው ማን ነው የሚለው ነው።

አሁን ወደ ውርርዱ። ብርሃኑ የሚሠራው በመግነጢስ ዋልታው ዙሪያ እንደ ቀለበት ነው። እኛ ደግሞ የመግነጢስ ወገብ አጠገብ ነን፣ ከሁለቱ የመግነጢስ ዋልታዎች መሀል ያለው መስመር ማለት ነው፤ መስመሩ ኢትዮጵያን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ከቀለበቱ እጅግ ርቀን ነው ያለነው። ማዕበሉ ሲጠነክር ቀለበቱ ይሰፋል፣ እውነት ነው። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ የተነሳው ማዕበል በ20 ዓመት ውስጥ ከታየው ሁሉ የበረታ ነበር፤ ከካናሪ ደሴቶች ሳይቀር ቀይ ሰማይ ፎቶ ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ1859 በተነሳው ታላቅ ማዕበል ደግሞ ኩባ ውስጥ ታይቷል፣ የቴሌግራፍ ሠራተኞችንም ኤሌክትሪክ ነዝሯቸዋል።

ለእኛ ግን ሒሳቡን ሥራው። ባሕር ዳር በ11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ቀዩ ብርሃን 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ የመሬት ጉብታ ሳይጋርደው ከሩቅ የሚታየው እስከ 20 ዲግሪ ገደማ ድረስ ነው። ደምረው፦ 31 ተኩል ዲግሪ፤ የግብፅዋ እስክንድርያ ያለችው እዚያ ገደማ ነው። ከሐይቁ ጠርዝ ላይ ጫፉን ብቻ ለማየት እንኳ ብርሃኑ እስክንድርያ አናት ላይ መቆም አለበት። በዚያ ላይ አቅጣጫው ትክክለኛ ሰሜን ነው መሆን የነበረበት። አንተ ያየኸው ከደብረ ማርያም ቀኝ ከሆነ ሰሜን ምሥራቅ ነው።

ልጁ ቅር እንዳይለው አንድ ነገር ልጨምር። ዋልታው ብርሃን አለው፤ እኛም የራሳችን አለን። ቀን ቀን ከራሳችን በላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ፣ የመግነጢስ ወገብን ተከትሎ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። በዓይን አይታይም፣ በመሣሪያ ግን ይለካል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋሸራ የሚባለው ላቦራቶሪ የሚያጠናው እንዲህ ያለውን የላይኛውን ሰማይ ነገር ነው። ሐይቁን ተሻግሮ ኖርዌይን ከሚያልም፣ አንድ ቀን እዚያ ደጃፍ ይሂድ።

ውርጭ ለመድኩ፦

ትሮምሶ ነው ያለሁት፣ ኖርዌይ። ስምንተኛ ክረምቴ ነው። ክረምት ስል ሐምሌን እንዳታስቡ። እዚህ ከኅዳር አጋማሽ በኋላ እስከ ጥር መጀመሪያ ፀሐይ አትወጣም፤ እኩለ ቀን ላይ ትንሽ ሰማያዊ ብርሃን ትመጣና ትሄዳለች።

ጽሑፍህን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሆዴ ባባ። የቆሮሶውን ሽታ እኮ አመጣህብኝ።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ነው። የከተማው መብራት እንዳይረብሸን በመኪና ወደ ክቫሎያ ደሴት ወጣን። ከዜሮ በታች 14 ነበር። የበርች እንጨት አነደዱ፣ በረዶው ላይ የአጋዘን ቆዳ አንጥፈው አስቀመጡኝ። ቋሊማ በእንጨት ሰክተው ጠበሱና ሎምፔ በሚሉት የድንች ቂጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ቀጥሎ ቢዶስ መጣ፤ የሳሚዎች፣ የሰሜኑ ነባር ሕዝብ፣ ወጥ ነው፤ የአጋዘን ሥጋ፣ ድንችና ካሮት። ጨው አለው። ሌላ ምንም የለውም። እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፣ አዋዜ በትንሽ ብልቃጥ ይዤ። ቦርሳዬ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ።

ስለ ብርሃኑ እውነቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሲመጣ ምንም አይደለም። ግራጫ ነው፣ የሰው ቤት ጢስ ነው ያልኩት። ስልክ ስታነሺበት አረንጓዴ ይሆናል፣ ዓይንሽ ግን አያየውም። እሳቱን ስትመለከቺ ከቆየሽ ደግሞ ጭራሽ አይታይሽም። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ትከሻዬን ይዘው ጀርባዬን ለእሳቱ አዞሩኝ። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ እዚህ ሰው የሚበላው እሳት ከቦ ነው፣ የሚያየው ግን ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ፊትሽ ይቆረፍዳል፣ ጀርባሽ ይቃጠላል።

ከዚያ በአንድ ጊዜ ተነሳ። እናቴ ነጠላዋን አጥባ ስታራግፍ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ። ታችኛው ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ጥለት ነበረው፣ እውነቴን ነው፣ ጥለት። ድምፅ የለውም። እኔ ጮህኩ፣ የሀገሬው ሰዎች ቡና ይቀዱ ነበር።

መምህሩ የጠቀሱት የግንቦቱ ማዕበል ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ያን ቀን ትሮምሶ ምንም አላየንም! በግንቦት እዚህ ሌሊቱ አይጨልምም፤ ፀሐይ ጭራሽ መጥለቋን ልታቆም አንድ ሳምንት ገደማ ነበር የቀራት። ጀርመን ያለች ጓደኛዬ ከበረንዳዋ ሆና ቀይ ሰማይ ላከችልኝ። እኔ እዚህ ዋልታው ሥር ተቀምጬ መጋረጃ ዘግቼ ተኛሁ።

ለልጁ፦ ፎቶህ ላይ ያለውን አረንጓዴ አትመነው። ስልክ በጨለማ ብዙ ሰከንድ ሲያነሳ ከራሱ ቀለም ይጨምራል። እኔንም ብዙ ጊዜ አታሎኛል።

አብነት፦

ሁላችሁም ሩቅ ሄዳችሁ። የጀልባው ሰው፣ ጨረቃዋ ስንት ቀኗ ነበር? ያለፈው ሐሙስ ሌሊት ሙሉ ነበረች። ሐሙስ ሙሉ ከሆነች እሑድ ማታ የምትወጣው ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ ወር ሙሉ ጨረቃ ደግሞ ፀሐይ በሰኔ በምትወጣበት በኩል ነው የምትወጣው፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዘንብላ። አንተ ደግሞ ጨረቃዋ ብቅ ሳትል ወደ ቤት ገባህ።

ዛሬ ማታ እዚያው ቦታ ቁም። በየቀኑ ከ50 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ትዘገያለች። ብርሃኑ ዘግይቶ ከመጣ ጨረቃ ናት። እምቦጭ የሚያቃጥል ሰው ሰዓት አይቆጥርም።

የጀልባው ሰው፦

አብነት፣ እጅህን ልሳም።

ትናንት ማታ ሄድን። ዓሣ የለም፣ እህቴ ፍም ላይ የዘጌ ቡና አፈላችልን። ልጁ የእሑዱን ፎቶ ከፍቶ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። እህታችን ከትሮምሶ እንዳለችው ጀርባችንን ለፍሙ ሰጠን። ሐይቁ ረግቶ ነበር። ከዓባይ መውጫ በኩል ጉማሬ ሁለት ጊዜ አጉረመረመ፤ ከዚያ ውጪ ጸጥ ነው።

ሁለት ሰዓት ከሃያ ሆነ፣ ምንም የለም። ልጁ ደስ አለው፤ «አየህ ጋሼ፣ ጨረቃ ብትሆን ትመጣ ነበር» አለ። ቆይ፣ ትዘገያለች ተብለናል አልኩት። ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ። እኔም መጠራጠር ጀምሬ ነበር፣ አልዋሽም።

ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ያ ፍም መጣ። ያው ቀለም። ቦታው ግን ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሏል። ልጁ ፎቶ አነሳ፤ ያው ደም፣ ያው አረንጓዴ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጎ ዝም አለ። ከዚያ ጫፏ ብቅ አለ። አናቷ ትንሽ ተቆርሶ፣ ከዳር የተነካ ድፎ ዳቦ መስላ፣ ከአቧራው ውስጥ ቀይ ሆና ወጣች። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትወጣ አይቻታለሁ። ከመውጣቷ በፊት ያለችውን እሷን ግን አንድ ቀን ጠብቄ አላውቅም።

ልጁ ብዙ ቆይቶ ነው የተናገረው። «ጋሼ፣ እምቦጭም አልነበረም እኮ።»

እውነቱን ነው። ስለዚህ ሁለታችንም ተሸንፈናል። ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዋን ወደ ደረቅ እናወጣታለን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ መሀል ላይ እንገናኛለን። ሰኞ ደግሞ ከትምህርት ሲወጣ ያንን ዋሸራ የተባለውን ልወስደው ነው፣ በር ላይ ካልመለሱን።

ለግሽ ዓባይ፦ አልተረፈም።

ልጁ ለትሮምሶዋ እህታችን አንድ ጥያቄ አለው፦ አዋዜው በመጨረሻ ተበላ ወይስ እንደደረቀ ተመለሰ?

ውርጭ ለመድኩ፦

በቢላ ቆርሰን በላነው። ሴትዮዋ ከረሜላ መስሏቸው አንዱን ቁራሽ እንዳለ አፋቸው ውስጥ ጣሉት።