ፍሪሲዮን በእግር፣ ማርሽ በእጅ

ጥያቄ፦ አሮጌ ሞተር ብስክሌቴን ከ1952 እ.ኤ.አ. በፊት እንደነበሩት ሃርሊ ዴቪድሰን ሞተሮች ፍሪሲዮኑን በግራ እግር፣ ማርሹን በእጅ ላደርገው ነው። ፔዳሉ በሞላ (በስፕሪንግ) ይመለስ ወይስ በረገጡበት ይቁም?

መልስ፦ በረገጡበት ይቁም! በተረከዝ ኃይሉን ይቆርጣል፣ በጣት ያገናኛል። በሞላ የሚመለሰው፣ ማርሽ ውስጥ ቆመው እግርዎን ካነሱ ከፊትዎ ያለው ባጃጅ ላይ ይወረውርዎታል።

መልስ፦ የባሕር ዳሩ ቤዛዊት ኮረብታ ዳገት ላይ ሲነሱስ? ቀኝ እግር የኋላ ፍሬን፣ ግራ እግር ፍሪሲዮን ላይ፤ መሬቱን ማን ይረግጥልዎታል? ለማማር ብለው የፊቱን የእጅ ፍሬን እንዳይነቅሉት።

ጠያቂው፦ ፍሬኑ ይቀመጣል፤ ጣና ዳር ለመታየት ብዬ አልሞትም። የማርሹ ዘንግስ?

መልስ፦ የእርስዎ ካምቢዮ ማርሹን ተራ በተራ የሚቀይር ከሆነ ዘንጉን ከእግር ማርሹ መዘውር ጋር ማያያዝ ይበቃል። መጋጠሚያው ግን አይላወስ።