አባይ በረሃ ውስጥ ውሃ አለቀብኝ

የምኖረው ጅማ ነው። ባለፈው ጥር ከጎሃ ጽዮን ተነስቼ ብቻዬን ወደ አባይ ሸለቆ ወረድኩ። የያዝኩት 4 ሊትር ውሃ፣ በሶና የስልክ ካርታ ነበር። እኛ ጋ ጫካ ውስጥ ትንሽ ከተሄደ ምንጭ አይጠፋም፤ እዚያም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የሸለቆው የኖራ ድንጋይ ግን ውሃውን በስንጥቁ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ካርታው ጅረት ያላቸውን ሁለት ቦታዎች ሄጄ አየሁ። ነጭ ጠጠርና የደረቀ ቅጠል ብቻ! የፍየል መንገድ ተከትዬ ስወርድም ገደል አፋፍ ላይ አለቀ። ግማሽ ሊትር ሲቀረኝ ተመለስኩ።

ምንጭ የሚወጣው የኖራ ድንጋዩ ውሃ ከማያሳልፍ ንብርብር ጋር ሲገናኝ እንደሆነ አንብቤያለሁ። በኅዳር ደግሜ ልሞክር ነው። አካባቢውን በእግር የምታውቁ፣ ወንዙ ጋ ሳልደርስ በበጋ የማይደርቅ ምንጭ የት ጋ አገኛለሁ?