ሸቀል ሦስት ዜሮ የተቆረጠበት ዓመት፦ በ1985 ሥራ ላይ የነበራችሁ ምን ታስታውሳላችሁ?

ጠያቂ፦ ተማሪዋ (ሐይፋ)

ጤና ይስጥልኝ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ለሴሚናር የደረሰኝ ርዕስ የእስራኤል የ1985ቱ (እ.ኤ.አ.) የማረጋጊያ ዕቅድ ነው። መጽሐፋችን ነገሩን በአንድ አንቀጽ ይገላገለዋል፦ የዋጋ ንረት በ1984 445 በመቶ፣ በ1986 ወደ 20 በመቶ ገደማ፣ አለቀ። አባቴ በሙሴ ዘመቻ (ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን ወደ እስራኤል በአየር በተወሰዱበት) ነው የመጣው፤ ያኔ ግን የ6 ዓመት ልጅ ስለነበር የሚያስታውሰው ብርዱን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበራችሁ ታላላቆቼ፣ ያን ንረት ያቆመው ምኑ ነው?

አሽቀሎናዊው

ያቆመውማ የአሜሪካ ዶላር ነው። በሁለት ዓመት 1.5 ቢሊዮን ተጨማሪ እርዳታ የሚሰጠኝ ካለ እኔም ቤቴን አረጋጋለሁ።

ባለ ማኮሌቱ

የኔ ልጅ፣ እኔ በሱዳን በኩል በዲሴምበር 84 ነው የገባሁት፤ 19 ዓመቴ ነበር። ያኔ አገር ቤት ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ ዓመት መጥቶ ዓመት ቢሄድ ያው ነበር። እህል ቢወደድ ዝናብ ቀርቶ ወይ መንገድ ተዘግቶ ነው። ገንዘቡ ራሱ ኪስ ውስጥ ይሟሟል ብሎ ያሰበ ሰው በእኛ ሰፈር አላውቅም።

ከኡልፓን (የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት) መልስ፣ መርካዝ ክሊታው (የአዲስ ገቢዎች ማረፊያ) አጠገብ ባለች ማኮሌት፣ የሰፈር ሸቀጥ ሱቅ ማለት ነው፣ እሠራ ጀመር። ሥራዬ ዋጋ መለጠፍ ነው። ዕብራይስጡን ሳልይዝ ቁጥሩን ያዝኩ። የቱና ጣሳ ላይ ወረቀት በወረቀት ላይ ስለጥፍ፣ አንድ ቀን በጥፍሬ ብልጠው ሰባት ሆኖ አገኘሁት። የሱቁ ባለቤት የዱቤ ደብተሩን የሚይዘው በዶላር ነበር። ሰው ደግሞ አሲሞን በከረጢት ያከማቻል፤ መሀሏ ቀዳዳ የሆነችው የስልክ ሳንቲም። ለምን ብትይ፣ የስልክ ዋጋ ቢንር አሲሞኗ ያው አሲሞን ናት። መጀመሪያ ሳይ ብዙ ዘመድ ያላቸው ሰዎች መስለውኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ዋጋ ማገድ በ85 የተፈጠረ ነገር አይደለም። እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ በኖቬምበር 84፣ መንግሥት፣ ሂስታድሩት (የሠራተኞች ማኅበሩ) እና አሠሪዎች ተስማምተው ዋጋ አግደው ነበር። የኦክቶበር ማዳድ (የወሩ የዋጋ ጭማሪ መለኪያ) ብቻውን ከ20 በመቶ በላይ ስለነበር ሰው እፎይ አለ አሉ። ግን ግምጃ ቤቱ እንደ ድሮው ከገቢው በላይ ያወጣል፣ ዳቦና ወተቱን ይደጉማል፣ የጎደለውን የእስራኤል ባንክ፣ ማዕከላዊው ባንክ፣ ገንዘብ እያተመ ይሞላለታል። እሳቱ ሳይቀነስ ክዳኑን በእጅ መጫን ነው። ክዳኑን የሚጫነው እጅ ደግሞ የኔ ነበር፤ ጸደዩን ሙሉ ስለጥፍ ከረምኩ።

በጁላይ 1 ቀን 1985 ካቢኔው ሌሊቱን ሲከራከር አድሮ ወሰነ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፔሬስ፣ ገንዘብ ሚኒስትሩ ሞዳዒ፤ የተቃራኒ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። የ84ቱ ምርጫ አሸናፊ ስላላወጣ ነው አንድ ላይ የተቀመጡት። እኔ ዋናው ነገር ይሄ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ውስጥ ስለነበሩ ከውጭ ቆሞ ሕዝቡን የሚያስነሳ ትልቅ ፓርቲ አልቀረም። ድጎማው ተቆረጠ፣ ዶላር 1,500 ሸቀል ላይ ተቸነከረ፣ ዋጋም ደሞዝም ታገደ። ሂስታድሩት አድማ ጠራ። ድጎማው ስለተነሳ እኔ ዳቦ፣ ወተት፣ ዘይት፣ ሁሉን ወደ ላይ ስለጥፍ ዋልኩ። የጁላይ ማዳድ ሲወጣ 27.5 በመቶ! “ይሄም ከሸፈ” አልኩ። የነሐሴው ግን 4 በመቶ እንኳ አልሞላም።

በሴፕቴምበር አዲሱ ሸቀል ወጣ፤ ሺው አንድ ሆነ። ጎልዳ ሜየር ያለችበት የ10,000 ኖት አሁንም ጎልዳ ያለችበት የ10 ኖት ሆነ። እናቴ ሴትዮዋ ያችው ናት፣ ሦስቱን ዜሮ ማን ወሰደው ብላ ባንክ ድረስ ይዛኝ ሄደች።

አሽቀሎናዊው ወንድሜ፣ እርዳታው ጠቅሟል፣ አልክድም። ግን የአሜሪካ ገንዘብ ከዚያ በፊትም ይመጣ ነበር፣ ንረቱም አብሮ ይጨምር ነበር። አዲሱ ነገር በነሐሴ የወጣው ሕግ ነው፤ የእስራኤል ባንክ ለመንግሥት ጉድለት ማበደር ተከለከለ። ሰዉ “ሖክ ኢ-ሀድፓሳ” ይለዋል፣ አለማተም እንደማለት። ዜናው ላይ ብዙም አልተወራለትም።

የቂርያት ጋት ልጅ

ጋሼ፣ አጻጻፍዎ ደስ ይላል፤ ሒሳቡን የከፈሉትን ግን ረሱብን። ዶላሩ ከዓመት በላይ እንደተቸነከረ ቆመ፣ የፋብሪካው ወጪ ግን እየጨመረ ሄደ። ልብስ ሰፍቶ ውጭ የሚሸጥ ፋብሪካ እንዴት ይቋቋማል? ወለዱም ሰማይ ነካ። ኪቡትሶቹ (የጋራ እርሻ መንደሮቹ) በዕዳ የተዘፈቁት ያኔ ነው፤ እነሱ እንኳ የሚደራደርላቸው ነበራቸው። እናቴ ደቡብ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ እጅጌ ትሰፋ ነበር፤ በ88 ስምንት ሆነው በአንድ ቀን ተባረሩ። በ89 ሥራ አጡ ወደ 9 በመቶ ደርሶ ነበር። እህቴ፣ ሴሚናርሽ ላይ “ተሳካ” ብለሽ ስትጽፊ ለማን የሚለውንም ጨምሪበት።

ባለ ማኮሌቱ

እውነትሽን ነው፣ እሱን ዘለልኩት። ላቪ የሚባለው የጦር አውሮፕላን በ87 በካቢኔ 12 ለ11 ድምፅ ሲሰረዝም በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ቤቱ ገባ። ለነሱም ዋጋ ቆሟል፤ የሚገዙበት ደሞዝ ነው የሌለው።

ተማሪዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ አንድ አንቀጽ የነበረው አሁን ሦስት ምዕራፍ ሆነብኝ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፦ ሰዉ ንረቱ በእውነት ቆመ ብሎ ያመነው መቼ ነው?

ባለ ማኮሌቱ

ስለ ሰዉ እንጃ። የሱቁ ባለቤት የዋጋ መለጠፊያውን መሳቢያ ውስጥ የከተተው በ85 ክረምት ነው፤ እኔንም ወደ መጋዘን አዛወረኝ። የዱቤ ደብተሩን ከዶላር ወደ ሸቀል የመለሰው ግን በ87 ነው፤ ያኔም በእርሳስ።