ለሁለተኛ ጋብቻ ሠርግ ይደገሳል ወይስ አይደገስም?

ጠያቂዋ
የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ እኖራለሁ። ባለቤቴ ካረፈ 6 ዓመት ሆነው። የ17 ዓመት ሴትና የ12 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። አሁን እንደኔው የትዳር ጓደኛውን ሞት የነጠቀው ሰው አግኝቼ ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ነው። ያለን ገንዘብ 80 ሺህ ብር ነው፤ ከዚያ በላይ አንድ ብር አንበደርም ተባብለናል። አዳራሽ የለም፣ ቬሎ የለም፣ የመኪና ሰልፍ የለም። ጠዋት እንቆርባለን፣ ከዚያ እኛው ግቢ ለ40 ሰው ምሳ። ወጡን እህቶቼ ይሠራሉ፣ ድፎውን እኔ እደፋለሁ። ታላቅ ወንድሜ «ወይ እንደ ሰው ደግሺ ወይ ተይው፤ የሰው ድግስ ስትበዪ ኖረሽ በራስሽ ጊዜ በር ትዘጊያለሽ?» ይለኛል። አክስቴ ደግሞ «ሁለተኛ ነው፤ ድንኳንም እልልታም አይገባውም፣ ፈርሙና ግቡ» ትላለች። የማንን ልስማ?

የእድር ጸሐፊ
እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔ ከወንድምሽ ጋር ነኝ። በሰፈራችን እድር መዝገብ ይዤ 11 ዓመቴ ነው፤ የሰውን ሆድ አውቀዋለሁ። ባለቤትሽ ሲያርፍ ድንኳን የተከለልሽ፣ ንፍሮ የቀቀለልሽ፣ እስከ ሠልስቱ አብሮሽ ያደረ ጎረቤት አለ። ያ ሰው ሐዘንሽን ተካፍሎ ደስታሽን ከአጥር ውጭ ሆኖ ቢሰማ ይከፋዋል፤ መከፋቱም ልክ ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን ከእድርሽ ተከራዪ፤ ለአባል ክፍያው ቀላል ነው። ከዚያ 150 ሰው ጥሪ። ጥሬ ሥጋ አይጠበቅብሽም፤ እንጀራና አንድ ወጥ ይበቃል።

ዕዳ ያየ
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «እንጀራና አንድ ወጥ» ብሎ የቆመ ድግስ አይቼ አላውቅም። የኛ ሠርግ ለ150 ሰው ነበር የታሰበው። አንዱን ጠርቶ ወንድሙን መተው አይቻልም፣ የመሥሪያ ቤቱን አለቃ ጠርቶ ምክትሉን መተው አይቻልም፤ በዕለቱ 260 ሰው ገባ። ዕቁቤን በልቼ ከዘመድ ተበደርኩ። ዕዳው ያለቀው የመጀመሪያ ልጄ አፍ ከፈታች በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከባለቤቴ ጋር የተጣላነው በሌላ በምንም አልነበረም፣ በዚያ ገንዘብ ብቻ። እህቴ ሁለት ልጆች የምታስተምር ሴት ናት። 40 ብላለች፣ 40 ይሁን።

ከጎንደር
እኔን ያናደደኝ የአክስትየው ንግግር ነው። በኛ ሰፈር ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ዳግመኛ ሲያገባ ሰንጋ ይጣላል፣ «ቤቱ ሞቀ» ተብሎ ይመረቃል። ሴት ስትሆን ግን «የፈት ሠርግ» ይባልና ማታ ማታ በጓሮ በር እንድትገባ ይፈለጋል። «ልጆቿን ይዛ ብትቀመጥ ምን አለበት» የሚሏት እኮ የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ የማይከፍሉላት ናቸው! ወጪ መቀነስና መደበቅ አንድ ተደርገው እንዳይታዩ። በ80 ሺህም እልል ይባላል።

የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ
ሥርዓቱን ለማታውቁ ላስረዳ። ተክሊሉ፣ ማለት አክሊል የሚደፋበት ጸሎት፣ ለደናግል ነው። እንደ ጠያቂዋ በሞት የተለያዩ፣ ማለት መዓስባን፣ ንስሐ ገብተው የራሳቸው ጸሎት ተደርሶላቸው በቅዱስ ቁርባን ይጋባሉ። አክሊል አለመደፋቱ ጋብቻውን አያሳንሰውም። የሚያፍሩ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የምለው። ደግሞም የቆረበ ሰው በዕለቱ ራሱን እንዲጠብቅ ይጠበቃል፤ መስከሩና እስከ ሌሊት መጨፈሩ አይሄድም። ስለዚህ የትንሹ ምሳ ሐሳብ ከቁርባኑ ጋር ይስማማል። አንድ ነገር ልጨምር፦ በበዓለ ሃምሳ፣ ማለት ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። እሑድን ከተውሽው በሥራ ቀንም የፍስክ ምሳ ማብላት ትችያለሽ፤ ካሜራ ያለውም፣ ወንበር የሚያከራየውም ያን ቀን ሥራ ስለማይበዛበት ዋጋ ይቀንሳል። ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ።

የሕግ ሰው
ስለ ድግሱ አስተያየት የለኝም። ከ80 ሺው ላይ ግን ጥቂት ለወረቀት ቀንሺ። በቤተ ክርስቲያን ብትጋቡም ጋብቻውን ወረዳ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 213/1992 ነው፤ አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው። በዚህ ሕግ ከጋብቻ በፊት የነበረሽ ንብረት የግልሽ ሆኖ ይቀጥላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢ የጋራ መሆኑን ነው። ሟች የተዉት ቤት ካለና ግማሹን አከራይተሽው ከሆነ፣ ከጋብቻው በኋላ ኪራዩ የሁለታችሁ ይሆናል። የልጆቹ የውርስ ድርሻም እዚያ ቤት ውስጥ ሊኖር ይችላል። በሌላ መንገድ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ከሠርጉ በፊት ወይም በዕለቱ የጋብቻ ውል በጽሑፍ አድርጉ፤ በአንቺ በኩል 2፣ በሱ በኩል 2 ምስክር ይፈርማሉ። አለመተማመን እንዳይመስልሽ። ይህን ሳያደርጉ ቀርተው የእንጀራ አባትና ልጆች ፍርድ ቤት ሲካሰሱ አይቻለሁ።
(ለሌሎች አንባቢዎች፦ ጋብቻዋ የፈረሰ ሴት 180 ቀን ሳይሞላት ማግባት አትችልም፤ እርጉዝ አለመሆኗ በሕክምና ከተረጋገጠ ወይም ሕጉ ካስቀመጣቸው ሌሎች ምክንያቶች አንዱ ካለ ግን ይፈቀዳል። ጠያቂዋን አይመለከትም።)

ከአሌክሳንድሪያ
እዚህ ቨርጂኒያ የጋብቻ ፈቃዱ 30 ዶላር ነው፣ ምስክርም አይጠየቅም። እኛም ሁለተኛችን ነበር። ጓደኞቻችንን «ስጦታ አታምጡ፣ አንድ አንድ ድስት አምጡ» አልናቸው። አንዷ ጎመን በአይብ፣ አንዷ ቀይ ወጥ፣ አንዱ ሁለት ፌስታል እንጀራ ይዞ መጣ። ያን ቀን የበላሁትን ምግብ ጣዕሙን ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

የእድር ጸሐፊ
እንግዳ ምሳውን ተሸክሞ ሠርግ ይመጣል? ይህ እዚህ አይሠራም እህቴ።

ከአሌክሳንድሪያ
ጋሼ፣ ለቅሶ ቤት ምግብ ተሸክሞ የሚሄደው ማን ነው? እርስዎ የሚጽፉት መዝገብ ላይ ያሉት ሰዎች አይደሉም እንዴ? ለሐዘን የተፈቀደ ለደስታ ለምን ነውር ይሆናል?

ወጥ ሠሪ
ወደ ሥራው እንግባ። 40 ሰው ካልሽ 5 ዶሮ ውሰጂ፤ 12 ብልት ሲባዛ 60 ቁራጭ ነው፣ ለደጋሚውም ይተርፋል። ዕንቁላል 50። ለአንድ ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ያስፈልጋል፤ መቁላላቱ ከዋዜማው ከሰዓት ካልተጀመረ አይደርስም። እንጀራውን ለብቻ ለጋጋሪ ስጪ፤ እህቶችሽ ሁለቱንም ከያዙ በሠርግሽ ቀን ዓይናቸውን መግለጥ አይችሉም። ጠላው ከሁለት ሳምንት በፊት ይጠንሰስ። ልብስ ሽሮ ሜዳ በሥራ ቀን ጠዋት ሂጂ፣ ተከራከሪ፣ ሌላ በዓል ላይም የምትለብሽውን ምረጪ። አበባ አትግዢ፤ ቄጤማ ጎዝጉዢና ዕጣን አጭሺ፣ ቤቱ የሠርግ ቤት ይሆናል። የበጀት ድግስ የሚበላሸው በወጡ አይደለም፣ መጨረሻ ሳምንት ላይ «ይችም ትጨመር» በሚባሉ ነገሮች ነው።

የመጀመሪያ ልጅ
ስለ ልጆቹ ስሜት ማንም አላነሳም። እናቴ ስታገባ 15 ዓመቴ ነበር። አክስቶቼ እንደ ጠያቂዋ አክስት መከሯትና ተፈራርመው ገቡ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ሰው ሳሎን ተቀምጦ አገኘሁ። ሰውየው ጥሩ ሰው ነው፣ አሁን አባቴ ነው ብዬ ነው የምጠራው። ግን ለዓመታት እናቴ አንድ መጥፎ ነገር የሠራች፣ እኔም የምደብቀው ሚስጥር ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ጓደኞቼን ቤት አልጠራም ነበር። ስለዚህ እህቴ፣ 40 ይሁን 20 ልጆችሽ መሐል ይቁሙ። ሴት ልጅሽ ሚዜ ትሁንሽ፣ ልጁ ድፎውን ይቁረስ። ደግሞ አያታቸው፣ የአባታቸው እናት፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ። እኛ ቤት ያ አልተደረገም፤ አያቴ እስክታርፍ ድረስ እናቴን አላናገረቻትም።

ጠያቂዋ
የመጨረሻውን ሳነብ ቁጭ አልኩ። አማቴ እዚያው ሰፈር ናቸው፣ እድራችንም አንድ ነው። እስካሁን አልነገርኳቸውም ነበር። ወንድሜን ስፈራ፣ አክስቴን ስፈራ፣ እሳቸውን ግን እፈራቸው የነበረው ከሁሉም በላይ ነው።

ትናንት ከልጆቼ ጋር ሄድኩ። ቡና አፈሉልን። ስነግራቸው ሲኒውን እንደያዙ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ ሳይኖር በምሳሽ ላይ መቀመጥ አልችልም፤ ግን ለቡና ብትጠሪኝ እመጣለሁ» አሉኝ። ሴት ልጄ አለቀሰች፣ እኔም።

ስለዚህ እንዲህ ወስኛለሁ። ምሳው ለ40 ሰው፣ ረቡዕ፣ እንዳሰብነው። በማግስቱ ከሰዓት ደግሞ ለእድሩና ለሰፈሩ ሁሉ ቡና፤ አማቴም ይመጣሉ፣ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ሆነው ይመርቁናል። የውሉን ነገር ለሱ ነግሬዋለሁ፣ ለራሱ ልጅም እንደሚጠቅም ተናግሮ ተስማምቷል። ወንድሜ እስካሁን ፊቱን አልፈታም።

የእድር ጸሐፊ
ወንድምሽ ይመለሳል፣ ተይው። እኔ አሁንም ሰፈሩ ምሳ ይገባዋል ባይ ነኝ፣ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ግን አማትሽ ያሉትን ሰምቼ በቡናው ላይ አልከራከርም። ድፎው ከሦስት ማነስ የለበትም፣ ቆሎውም ይብዛ። እድራችሁ ለሐሙሱ ድንኳንና ወንበር እንዲይዝልሽ ዛሬውኑ አስመዝግቢ፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ስለሚበዛ ቀድሞ ያልያዘ አያገኝም።