«ቲምስ ቨርሚር»ን የመሰለ ዘጋቢ ፊልም እንዴት ይገመገማል?

ብራና፦

ሰላም ለሁላችሁ። «ቲምስ ቨርሚር» በተባለው የ2013 ዘጋቢ ፊልም ላይ 900 ቃል ገደማ የሚሆን ሂስ እያዘጋጀሁ ነውና ሥዕልንም ፊልምንም የምታውቁ እንድታግዙኝ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ላላያችሁት ባጭሩ፦ ቲም ጄኒሰን «ቪዲዮ ቶስተር» የተባለውን የቪዲዮ ማቀናበሪያ የሠራው የኒውቴክ ኩባንያ መሥራች ነው። ሠዓሊ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደልፍት ከተማ የኖረው ዮሐንስ ቨርሚር ያን ፎቶግራፍ የሚመስል ብርሃን ያመጣው በሌንስና በመስታወት ታግዞ ነው ብሎ ያምናል። ይህንን ለማሳየት «የሙዚቃ ትምህርት» በተባለው ሥዕል ላይ ያለውን ክፍል ከነዕቃው ቴክሳስ ያለ መጋዘን ውስጥ ይገነባል፤ ሌንሱን ራሱ ይሞርዳል፣ ቀለሙን ራሱ ይፈጫል፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ በትንሽ መስታወት ውስጥ የሚያየውን ነጥብ በነጥብ ይሥላል። ዳይሬክተሩ ቴለር ነው፣ የሚተርከው ፔን ጂሌት፤ ሁለቱም በምትሃት ትርኢት የታወቁ ናቸው። ርዝመቱ 80 ደቂቃ።

የከበደኝ ነገር፣ ፊልሙ ሲያልቅ ተመልካቹ ሰውየውን አምኖት ነው የሚነሣው። ያሳመነው ግን ማስረጃው ነው ወይስ ትዕግሥቱ? ሐያሲ የሰውየውን ግምት እውነትነት መመርመር ግዴታው ነው? ደግሞስ ፊልሙን እያየሁ ምን ምን ልመዝግብ?

ቀጭን ብሩሽ፦

ወንድም ብራና፣ ግዴታ ነው። ፊልሙ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ያስኬዳል። አንዱ «በዚህ መሣሪያ እንዲህ ያለ ሥዕል መሥራት ይቻላል» የሚል ነው፤ ሌላው «ቨርሚር የሠራው በዚህ ነው» የሚል። የመጀመሪያውን ካሜራ ፊት ሠርቶ አሳይቷል። ሁለተኛው የታሪክ ጥያቄ ስለሆነ በሠርቶ ማሳያ አይዘጋም። ሁለቱን በተለያየ አንቀጽ ጻፋቸው፤ አንተ ከቀላቀልካቸው አንባቢህም ይቀላቅላቸዋል።

ለቲም ከሚመሰክሩለት ነገሮች ሁሉ ጠንካራው የባሕር ፈረሱ ጌጥ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት የምትጫወተው ቨርጂናል የተባለ ባለ ቁልፍ የሙዚቃ መሣሪያ ነው፤ ፊቱ ላይ የባሕር ፈረስ ጌጥ በመስመር ተደርድሯል። ቲም ይህንን እየሣለ ሳለ ቀጥ ማለት ያለበት መስመር በራሱ ሸራ ላይ በትንሹ እንደ ጎበጠ ያያል። ጉብጠቱ የመጣው ከመሣሪያው ነው። ከዚያ የቨርሚርን ሥዕል ቅጂ አምጥቶ ማስመሪያ ሲያስጠጋበት፣ እዚያም ያው ጉብጠት ይገኛል። ሳይፈልገው የመጣ ግኝት መሆኑ ክብደት ይሰጠዋል። ሂስህ አንድ ትዕይንት ብቻ በዝርዝር የሚያሳይ ከሆነ ይህንን አሳይ።

በተቃራኒው ወገን ያለውንም አንባቢህ ይወቀው። ቨርሚር በታኅሣሥ 1675 ሲሞት፣ በ1676 የቤቱ ዕቃ ተቆጥሮ ተመዝግቧል። ዝርዝሩ ውስጥ 2 የሥዕል ማስደገፊያ፣ 3 የቀለም መደባለቂያ ገበታ፣ 10 ሸራ አለ፤ ሌንስ ወይም ካሜራ ኦብስኩራ (የውጭውን ምስል ጨለማ ሣጥን ወይም ክፍል ውስጥ የሚያሳርፍ መሣሪያ) የለም። ከአሥር በሚበልጡ ሥዕሎቹ ላይ ደግሞ ወደ ሩቅ የሚሄዱት መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ተገኝቷል። መርፌ ተክሎ፣ ጠመኔ የተቀባ ክር ወጥሮ መስመር ማውጣት የዘመኑ ሠዓሊዎች የታወቀ ዘዴ ነው፤ በመስታወት ነጥብ በነጥብ የሚገለብጥ ሰው ግን ለዚያ መስመር ብዙም አይቸገርም። ከፊልሙ በኋላ የመጣም አለ፦ የአምስተርዳሙ ራይክስ ሙዚየም «ወተት ቀጂዋ» የተባለውን ሥዕል መርምሮ ከላይኛው ቀለም ሥር በፍጥነት የተጣለ ጥቁር ንድፍ እንዳለ በ2022 አስታውቋል። ሂሱ ዛሬ ስለሚወጣ ይህ መካተት አለበት።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ደግሞ፣ ሌንስ ከዝርዝሩ መጥፋቱ ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ዕቃ ተውሶ መጠቀም ያለ ነው። የቨርሚርን ንብረት እንዲያስተዳድር ከተማው የሾመው ሰው ማን መሰለህ? በማይክሮስኮፑ ዓለም ያወቀው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ! ሁለቱም ደልፍት ውስጥ በ1632 የተወለዱ ናቸው። በሕይወት ሳሉ መተዋወቃቸውን የሚያረጋግጥ ሰነድ ስለሌለ ከዚህ አልፈህ አትሂድ።

ሞንታዥ፦

ስለ ምዝገባው እኔ ልመልስ። መጀመሪያ ፊልሙን ሳታቆም እስከ መጨረሻው እየው፤ ምንም አትጻፍ። በሁለተኛው ዙር ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምር፦ ደቂቃና ሰከንድ፣ የምስሉ ዓይነት፣ የሚናገረው ሰው፣ የተባለው ነገር። «የምስሉ ዓይነት» ስል በቦታው የተቀረጸ፣ የማህደር ምስል፣ በትወና የተሠራ፣ ወይም በኮምፒውተር የተሳለ ማለቴ ነው። ባለ 80 ደቂቃ ፊልም በዚህ መንገድ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይወስዳል። ሰው ሁሉ የሚዘለው ሁለተኛውን ዓምድ ነው፤ ጉዳዩ የሚገኘው ግን እዚያ ነው። ተራኪው አንድ ትልቅ ነገር ሲናገር ምስሉ ግራፊክ ብቻ ከሆነ፣ የሚያረጋግጥ ቀረጻ የለም ማለት ሊሆን ይችላልና ምልክት አድርግበት።

ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ የምትጠቀም ከሆነ የእንግሊዝኛዋ «ኢ» ቁልፍ ምስሉን አንድ በአንድ ታራምድልሃለች። የባሕር ፈረሱ ትዕይንት ላይ ትጠቅምሃለች።

የሥዕል ፊልም ስለሆነ ስክሪኑን አስተካክል። ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያሞቀውን ናይት ላይት አጥፋ፣ ራሱ የሚለዋወጠውንም ብርሃን ዝጋ። በስልክ ዳታ እያየህ ጥራቱ ወደ 480 ከወረደ ጥላው ላይ ያለው ቀስ በቀስ የመጨለም ሽግግር እንደ ደረጃ ይቆራረጣል። ያ ደግሞ ፊልሙ ራሱ የሚከራከርበት ነገር ነው፤ ከመስኮቱ የሚመጣው ብርሃን የኋላው ግድግዳ ላይ እየደከመ የሚሄድበትን ልክ ዓይን ብቻውን አያገኘውም ይላል። የኔትወርኩን ጉድለት በካሜራማኑ ላይ እንዳትጽፈው።

ፊልሙ ሲያልቅ የሚወጣውን የሠሪዎች ስም ዝርዝር እስከ ታች አንብብ። ማን ገንዘብ እንዳወጣ፣ ማን አማካሪ እንደ ነበረ የሚገኘው እዚያ ነው። እዚህ ፊልም ላይ ፔን የቲም የረጅም ጊዜ ወዳጅ መሆኑ የተደበቀ አይደለም፤ ሂስህ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥቀሰው። ለማነጻጸር «አልፋጎ»ን (2017) እይ። «ጎ» በተባለው የሰሌዳ ጨዋታ፣ አልፋጎ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሶል ላይ በመጋቢት 2016 ዝነኛውን ተጫዋች ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ያሸነፈበት ነው። በሁለተኛው ጨዋታ 37ኛዋ እርምጃ ምን ያህል አስደናቂ እንደ ሆነች ስሜቱን ከሚያስተላልፉልን ሰዎች ዋናው የጎ ተጫዋቹ ፋን ሁይ ነው። እሱ በ2015 ለዚሁ ፕሮግራም 5 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ ከሠሪዎቹ ጋር አብሮ የሠራ ሰው ነው። ምስክርነቱ ውድ ነው፣ ከቤት የመጣ መሆኑ ግን ይነገር። በዚያው ፊልም ላይ ማሽኑ እርምጃውን የሚመርጥበት አሠራር በጥቂቱ ነው የሚነገረው፤ የቴክኖሎጂ ፊልም ስትገመግም «አንድ ጎበዝ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከዚህ ምን ተረዳ?» ብለህ ጠይቅ።

የጥቅም ትስስር ሲባል ከዚህ የከፋም አለ። በከሸፈው «ፋየር» የተባለ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ በጥር 2019 ሁለት ፊልሞች በአንድ ሳምንት ወጡ። የኔትፍሊክሱን አብሮ ያዘጋጀው ፌስቲቫሉን ሲያስተዋውቅ የነበረው ድርጅት ነው፤ «ሁሉ» (Hulu) የተባለው የፊልም ማሰራጫ ያወጣው ደግሞ ለዋናው ተከሳሽ ለቃለ ምልልሱ ከፍሎታል። ሁለቱን ያላየ ሐያሲ አንዱን ብቻ ይዞ ፍርድ መስጠት አይችልም።

ወለላ፦

የቀጭን ብሩሽ ነጥብ ይገባኛል፤ ግን 900 ቃሉ በመርፌ ቀዳዳና በዕቃ ዝርዝር ካለቀ ፊልሙ ራሱ የት ገባ? ይህ የአንድ ችኮ ሰው ምስል ነው። ሐያሲው የሰውየውን ፍላጎት ፊልሙ እንዴት እንዳሳየው መናገር አለበት። ምንጣፉን ክር በክር የሚሞላበትን ክፍል ልብ ብለህ እየው። ሥዕሉ ከአራት ወር በላይ ወስዶበታል፤ ድካሙና መሰላቸቱ ፊቱ ላይ ይነበባል፣ ፊልሙም አላሳመረውም። ለእኔ ከሁሉም ሐቀኛው ክፍል እሱ ነው።

ሐቀኛ ያልሆነ የሚመስለኝ ደግሞ ማሰቢያ ጊዜ የማይሰጠው መጨረሻው ነው። ሥራው አልቆ ቲም ስሜቱ ሲነካ ሙዚቃው አብሮ ይነሣል። ያንን ክፍል ድምፁን ዘግተህ አንድ ጊዜ፣ ከፍተህ አንድ ጊዜ እየው፤ ልዩነቱ ሙዚቃው የሠራው ሥራ ነው። ቀጥሎም ፊልሙ የማያደርግልህን ንጽጽር አንተው አድርግ። ዋናው ሥዕል የእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ነው፤ ቲም እንዲያየው ተፈቀደለት እንጂ ካሜራው አልገባም። ስብስቡ በድረ ገጹ ላይ ጥራት ያለው ምስል አለው። መጠኑ 74 በ65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስክሪኑ ላይ በእውነተኛው ልክ አድርገህ የሴትየዋን ጀርባና የምንጣፉን እጥፋት ከቲም ጋር አስተያይ። የቲም ዝርዝሩን ሁሉ እኩል ይናገራል። ቨርሚር ግን አንዳንዱን ትቶታል፣ አንዳንዱን አደብዝዞታል። ምን እንደሚተው የመረጠው መስታወቱ አይደለም።

ብራና፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ የመስታወቱን ዘዴ ፊልሙን ላላየ አንባቢ እንዴት ላስረዳው? «ጠርዙ ይጠፋል» ብዬ ብጽፍ ማንም አይገባውም።

ቀጭን ብሩሽ፦

ሠርተህ ሞክረውና ከዚያ ጻፍ፤ ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። የሚያስፈልግህ የክብሪት ሣጥን የሚያህል ጠርዙ ያልተሸረፈ ትንሽ መስታወት፣ ጠንካራ ሽቦ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ ወረቀት፣ 2ቢ እና 6ቢ እርሳስ (6ቢው ይበልጥ የሚጠቁረው) ነው።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አንጥፍ። ፎቶውን ከፊት ለፊትህ ገልብጠህ (ራሱ ወደ ታች) አቁመው። መስታወቱን በሽቦው ይዘህ ከወረቀቱ በላይ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ፊቱ ወደ አንተና ወደ ፎቶው እንዲያይ በ45 ዲግሪ አዘንብለው። ከመስታወቱ እስከ ፎቶውም ያው 25 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ርቀቶቹ ካልተካከሉ ሥዕሉ ያንሳል ወይ ይተልቃል፣ ዓይንህም ሁለቱን አንድ ላይ አጥርቶ ማየት ያቅተዋል።

አሁን አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ከላይ ወደ ታች ተመልከት። መስታወቱ ውስጥ ፎቶው፣ ከጠርዙ ማዶ ወረቀቱ ይታይሃል። ጠርዙ ያረፈበትን ቦታ ብቻ እያየህ እርሳሱን ደራርብ። ወረቀቱ ከፎቶው ሲነጣ ጠርዙ እንደ መስመር ይታያል፤ ሲጠቁርም እንዲሁ። ጥቁረታቸው እኩል የሆነ ጊዜ መስመሩ ከዓይንህ ይሰወራል። ያኔ ራስህን በትንሹ ነቅንቀህ ወደሚቀጥለው ነጥብ ሂድ። ለአንባቢህ ይህንን አንድ ቅጽበት ከጻፍክለት በቂ ነው።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በብርሃኑ ነው። አምፖሉ ፎቶው ላይ በርትቶ ወረቀቱ ጥላ ውስጥ ከሆነ፣ ዘዴው እኩል ያደረገልህ ጥቁረት በኋላ በደህና ብርሃን ስታየው ነጥቶ ይገኛል። ሁለቱም አንድ መስኮት ፊት ይሁኑ። ተራ መስታወት ብሩ ከብርጭቆው ጀርባ ስለተቀባ ጠርዙ ላይ ደካማ ሁለተኛ ምስል ይፈጥራል፤ ቀጭን መስታወት ከመረጥክ ይቀንሳል። ቅጂው ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ስለሚወጣ ደግሞ ጽሑፍ ያለበት ፎቶ አትምረጥ። ቲም ለዋናው ሥራ ሌንስና ጎድጓዳ መስታወት የጨመረው የክፍሉን ምስል ወደዚህች ትንሽ መስታወት ለማምጣት ነው።

ሞንታዥ፦

ስለ ትወናው አንድ ልጨምር፣ ለሚቀጥለውም ሂስ ይሆንሃል። «ኢንዱራንስ» (1999) የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፊልም ነው። የአትላንታው የ1996 የ10,000 ሜትር ሩጫ እውነተኛ ቀረጻ ነው፤ የአርሲው ልጅነቱ ግን በትወና የተሠራ ነው፣ ኃይሌም ራሱን ሆኖ ይጫወታል። ሁለቱ በአንድ ፊልም ውስጥ ስለሚሄዱ የትኛው የት እንደሚጀምር በደቂቃ ለይተህ ጻፍ። ድምፅም እንደዚያው መለየት አለበት። ስለ አሜሪካዊው የምግብ ባለሙያና የቴሌቪዥን አዘጋጅ አንቶኒ ቦርዴን የተሠራው «ሮድረነር» (2021) ላይ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች በሟቹ ድምፅ አምሳል በኮምፒውተር የተፈበረኩ ናቸው፤ ይህ ግን ፊልሙ ላይ አልተነገረም፣ የታወቀው ዳይሬክተሩ በኋላ በቃለ ምልልስ ሲናገር ነው። ስለዚህ አራቱ ዓምዶች ላይ አምስተኛ ጨምር፦ ድምፁ ከየት መጣ? ፊልሙ በወጣ ሰሞን ዳይሬክተሩ የሰጣቸውን ቃለ ምልልሶች ሂስህን ከማስረከብህ በፊት አንብባቸው።